«ማርኩ ጨምሯል» አይበቃም፦ የንባብ ድጋፍ ስንገመግም የት የት እንደተሳሳትን

የንባብ ድጋፍ ፕሮግራም መገምገም ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ድጋፉ ሳይጀመር ልጆቹን መፈተን፣ ሲያልቅ ድጋሚ መፈተን፣ ልዩነቱን አስልቶ ሪፖርት መጻፍ። እኛም የጀመርነው እንዲሁ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ፣ የአማርኛ ንባብ ያስቸገራቸው ልጆች በትናንሽ ቡድን ተጨማሪ ትምህርት ያገኙ ነበር፤ የእኛ ሥራ ትምህርቱ ይጠቅም እንደሆነ መለየት ነው። የመጀመሪያው ዙር ሪፖርት በጣም ያምር ነበር፤ ችግሩ ትክክል አለመሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ሌላ ትምህርት ቤት በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ብለን የጻፍነው ነው።

ስህተቱ የጀመረው ከመለኪያው ነው። የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ልጁን አጠገቡ አቁመን «አንብብ» እንለዋለን፤ ያነባል። ሀ ሁን እንደ ውሃ ጠጥተውታል። ነገሩ የገባን ተራውን ትተን ከመሃል በጣት መጠቆም ስንጀምር ነው። ጣት «ቢ» ላይ ሲያርፍ አንዲት ልጅ ዓይኗን ከገበታው ነቅላ ወደ ጣሪያው ሰደደች፤ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ጮክ ብላ «ቢ!» አለች። መልሱ ልክ ነው። የደረሰችበት ግን «በ፣ ቡ» ብላ በሆዷ ቆጥራ ነው። በዚህ አካሄድ አምስት ፊደል ያለው ቃል መጨረሻ ላይ እስክትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል። እኛ ስንለካ የከረምነው ዜማውን ነበር።

ስለዚህ ገበታውን ተዉት። በአንድ ገጽ ላይ 100 ፊደላት፣ በ10 ረድፍ አሥር አሥር ሆነው፣ ተራቸው ተዘበራርቆ ይጻፉ። ከ33ቱ ቤቶች በሰባቱ እርከን የሚወጡት 231 ቅርጾች ሁሉ ይግቡ ማለት አይደለም። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን የለ፣ የመ፣ የሰ፣ የረ፣ የበ፣ የተ፣ የነ ቤቶች አብዙ፤ እንደ ጰ ያለውን አንዴ ማስገባት ይበቃል። ሳድስን (ስድስተኛውን እርከን) በተለይ አታሳንሱ። በጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ እርከን ይበልጥ የሚበዛው እሱ ነው፤ ቅርጹም እንደ ካዕብና ሣልስ ወጥ አይደለም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ን፣ ት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይለወጣሉ። ልጆች የሚወድቁትም እዚያ ነው። ሰንና ሸን፣ ተንና ቸን፣ ደንና ጀን ደግሞ ጎን ለጎን አታስቀምጡ፤ አለዚያ ልጁ ፊደሉን ያውቀው ወይም ከጎኑ ካለው ይለየው መለየት አትችሉም።

አፈታተኑ አንድ ደቂቃ ነው። ልጁ በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ፈታኙ የራሱ ቅጂ ላይ የተሳሳተውን ብቻ ይሰርዛል። ልጁ አንድ ፊደል ላይ 3 ሰከንድ ከቆመ «እሺ፣ ቀጥል» ተብሎ ያ ፊደል እንደ ስህተት ይያዛል። ራሱን ካረመ ልክ ነው። ከመጀመሪያው ረድፍ አሥሩንም ከሳተ ፈተናው በደግ ቃል ይቆማል፤ ልጅን ለአንድ ደቂቃ ሙሉ በማያውቀው ነገር ማስጨነቅ ምንም የሚጨምረው መረጃ የለም። ደቂቃው ሳያልቅ ከጨረሰ ልክ ያነበበውን በ60 አባዝቶ በፈጀበት ሰከንድ ማካፈል ነው። ቀጥሎ ለሚመጣው ምንባብም ሂሳቡ ያው ነው፦ 50 ቃላት ካሉት ምንባብ 46ቱን በ48 ሰከንድ ልክ ያነበበ ልጅ በደቂቃ 57.5 ቃላት ያነባል ማለት ነው።

ከፊደሉ በኋላ ሦስት ነገር ይከተላል፦ የተለመዱ ቃላት፣ ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት፣ አጭር ምንባብ ከአምስት ጥያቄ ጋር። የፈጠራ ቃላቱን ብዙ መምህራን ይቃወማሉ፣ «ለምን የሌለ ቃል እናስነብባለን?» ይላሉ። ምክንያቱ «ቱሜፍ» ወይም «ሊጎሻ» የሚለውን ማንም በቃሉ ሊይዘው ስለማይችል ነው። «ውሻ» የሚለውን በትክክል ያነበበ ልጅ የቃሉን ቅርጽ ብቻ አስታውሶ ሊሆን ይችላል፤ «ሊጎሻ»ን ያነበበ ግን ፊደል አያይዞ ማንበብ ችሏል።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የተገለበጡ መመሪያዎች የማይነግሯችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው መጥበቅና መላላት ነው። ጽሑፋችን አያመለክተውም፤ «ዋና» ብቻውን ሲጻፍ ልጁ አጥብቆ ቢያነበው የዋና መሥሪያ ቤቱ ዋና፣ አላልቶ ቢያነበው የወንዙ ዋና ነው። ሁለቱም ልክ ነው። ለብቻው በተጻፈ ቃል ላይ ይህን እንደ ስህተት የሚቆጥር ፈታኝና የማይቆጥር ፈታኝ ካላችሁ፣ ውጤቱ የሚለየው በልጆቹ ሳይሆን በፈታኞቹ ነው። በምንባብ ውስጥ ግን ዓረፍተ ነገሩ ስለሚወስነው መቁጠር ይቻላል፤ ዋናው ነገር አስቀድሞ መስማማትና መጻፍ ነው። ሁለተኛው የቃል ርዝመት ነው። «አልመጣችም» አንድ ቃል ነው፤ ድርጊቱን፣ ማድረግ የነበረባትን ሴት፣ ጊዜውንና አሉታውን አንድ ላይ ይዟል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ለሁለተኛ ክፍል የተቀመጠውን የደቂቃ ቃል ብዛት ከኢንተርኔት አውርዶ ልጆቻችንን በዚያ መፍረድ ትርጉም የለውም። እኛ በቃልም በፊደልም እንቆጥራለን፤ ልጁን የምናወዳድረውም ከራሱ ከቀድሞው ውጤትና በዚያው ትምህርት ቤት ካሉ ልጆች ጋር ነው።

የመረዳት ጥያቄዎችን በተመለከተ አንድ ርካሽ ሙከራ አለ፤ ማንም ግን አያደርገውም። ጥያቄዎቹን ምንባቡን ጨርሶ ላላዩ ልጆች አቅርቡ። «ላሟ ምን ሰጠች?» የሚለውን ያላነበበ ልጅ ሁሉ «ወተት» ይላል። ያን ጥያቄ አውጡት። እኛ ካዘጋጀናቸው አብዛኞቹ በዚህ ሙከራ ወደቁ።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ከምርጫው ጋር የተያያዘ ነው፤ ለማየትም ከሁሉ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ልጆችን በአንድ ቀን ፈተና ፈትነን የመጨረሻዎቹን ወስደን ያንኑ ውጤት መነሻ አደረግነው። እንዲህ ሲሆን ምንም ባታስተምሩም ውጤቱ ከፍ ይላል። ምክንያቱም በዚያ ቀን ዝቅ ካሉት መካከል የከበደው ንባቡ ያልሆነ አለ፤ ያመመው፣ ፈታኙን የፈራ፣ ሌሊት ያልተኛ። በሌላ ቀን ቢፈተን ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመለሳል፤ እናንተ ደግሞ የፕሮግራሙ ፍሬ ነው ብላችሁ ትጽፉታላችሁ። መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ መፈተን ነው፦ በመጀመሪያው ምረጡ፣ ከሳምንት በኋላ በሌላ ወረቀት ፈትናችሁ ያንን መነሻ አድርጉ። ሁለት ቀን ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ግን ብዙ የውሸት እድገት ይቆርጣል።

የሚነጻጸር ቡድንም ያስፈልጋል፤ ልጅ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ያለ ድጋፍም በመደበኛ ክፍሉ ይማራልና። ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ ሆን ብሎ መከልከል ግን የሚከብድ ነገር ነው፤ መምህራኑም አይቀበሉም፣ እኛም አልፈለግንም። መውጫው ቦታ እጥረት ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ ድጋፍ የሚፈልጉት 40 ሆነው ቦታ ያለው ለ20 ነው። ዕጣ አውጡ፦ 20ው በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ 20ው በሁለተኛው። ሁሉም ያገኛል፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ደግሞ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ወላጆች ዕጣን ይቀበላሉ፤ የማይቀበሉት «መምህሩ መረጠ» የሚለውን ነው። ከዕጣው በኋላ «ይቺ ልጅ ግን በጣም ታሳዝናለች» ተብሎ አንድ ሁለት ልጅ መቀያየር ይመጣል፤ እዚያ ላይ ጠንከር በሉ፣ ወይም እንዲህ ያለውን ልጅ ከዕጣው በፊት አስገብታችሁ ከሂሳቡ አውጡት።

ፈታኙ ማን ይሁን? ያስተማረው መምህር አይሁን። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ተማሪው ሲንተባተብ አፉን ለቃሉ አመቻችቶ የሚጠብቅ መምህር ሳያውቀው እየረዳ ነው። የሌላ ክፍል መምህራንን አሠልጥናችሁ አቀያይሩ፤ ከተቻለ ልጁ ድጋፍ ያገኘ ይሁን ያላገኘ አይነገራቸው። ከመጀመራቸው በፊት የአንድን ልጅ ንባብ በስልክ ቀድታችሁ ሁሉም ለየብቻቸው ያርሙት። ከ100 ፊደል ቢያንስ በ90ው ካልተስማሙ አልደረሱምና ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል። የምንባቡ ወረቀትም በሁለቱ ዙሮች አንድ መሆን የለበትም፤ ልጆች ከምናስበው በላይ ያስታውሳሉ፣ ለታናናሾቻቸውም ይነግራሉ። ሁለት ምንባብ አዘጋጅታችሁ ግማሹ ልጅ መጀመሪያ አንዱን በኋላ ሌላውን፣ ግማሹ ደግሞ በተቃራኒው ያንብብ፤ አንደኛው ምንባብ ቀለል ያለ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ ይጣፋል።

ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል፤ አብዛኛው ገምጋሚም እስከ መጨረሻው ፈተና ድረስ ይጠፋል። እኛም ጠፍተን ነበር። በወረቀት ላይ ፕሮግራሙ በሳምንት 3 ቀን፣ 40 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት ነው፤ 36 ክፍለ ጊዜ፣ 24 ሰዓት ይሆናል። በተግባር የፈተና ሳምንት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ መምህሯ የቀረ ባልደረባዋን ክፍል እንድትይዝ ትጠራለች፤ ልጁም ይቀራል። 15 ክፍለ ጊዜ ብቻ የተገኘ ልጅ ያገኘው 10 ሰዓት ነው። ውጤቱ ደካማ ሲሆን «ዘዴው አይሠራም» ከማለት በፊት ይህን ማየት ግድ ነው፤ ዘዴው ገና አልተሞከረ ይሆናልና። መቅረትን የሚመዘግብ ወረቀት በቡድን ሳይሆን በልጅ ስም ይያዝ፤ ትምህርቱ ያልተካሄደበት ቀንም ከነምክንያቱ ይጻፍ። ሌላም ጠይቁ፦ ልጁ ወደ ድጋፉ ሲሄድ ከየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው የሚወጣው? ከመደበኛው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሚወጣ ከሆነ ትምህርቱ ተጨማሪ ሳይሆን ምትክ ነው።

በመካከል ክፍሉ ገብታችሁ ተቀመጡ። ሲገቡ ሁሉም ነገር ሞቅ ያለ ነው፤ መምህሯ ቃሉን ትጠቁማለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። አንድ ልጅ ምረጡና የሱን አፍና ዓይን ብቻ ተመልከቱ። ከጓደኞቹ ግማሽ ምት ወደ ኋላ ሆኖ የቃሉን ጅራት የሚይዝ ልጅ አለ፤ «…ፍ!» «…ት!» ይላል፣ ዓይኑ ደግሞ የጎረቤቱ አፍ ላይ ነው። ከመምህሯ ቦታ ሲታይ በንቃት የሚሳተፍ ልጅ ነው። ሰዓት ይዛችሁ ይህ ልጅ በ40 ደቂቃ ውስጥ ብቻውን ስንት ደቂቃ እንዳነበበ ቁጠሩ። 12 ልጆች ባሉበት ቡድን ተራ በተራ ሲነበብ፣ መግቢያና መውጫው ሲቀነስ፣ ለአንዱ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ብቻ ይደርሳል። በእኛ ግምገማ ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጥ ነገር የቀየረው ይህ ቆጠራ ነው፦ ቡድኑ ወደ 5 ልጅ ወረደ፤ በጋራ ከማለት ይልቅ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲያነብ ሌላው በጣቱ የሚከተልበት አሠራር ተጀመረ። መምህሯን ለመክሰስ አትግቡ፤ ያ ከታወቀ በሚቀጥለው ጉብኝት የምታዩት የተለማመደ ድራማ ነው።

የዓይንና የጆሮ ነገር በአጭሩ፦ ከመነሻው ፈተና በፊት ይታዩ። ሰሌዳ የማያይ ልጅ ችግሩ የንባብ ዘዴው ላይሆን ይችላል።

የመጨረሻው ፈተና ተሰብስቦ ቁጥሩ ሲመጣ ሁሉም ሰው አማካዩን ይጠይቃል። አማካይ ብቻውን ያታልላል። አሥር ልጆች አሉ እንበል፤ ስድስቱ ዜሮ፣ አራቱ በደቂቃ 10 ቃል ያነባሉ፤ አማካዩ 4 ነው። ከድጋፉ በኋላ ስድስቱ አሁንም ዜሮ፣ አራቱ 25 ሆኑ፤ አማካዩ 10። «የንባብ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ አደገ» ተብሎ ይጻፋል፣ ቁጥሩም ውሸት አይደለም፤ ፕሮግራሙ የተቋቋመላቸው ስድስት ልጆች ግን ባሉበት ናቸው። ትንሽ የሚያውቁት ይበልጥ እየገሰገሱ ምንም የማያውቁት ወደ ኋላ የሚቀሩበትን ይህን ነገር የንባብ ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች እ.ኤ.አ. 1986 «የማቴዎስ ውጤት» ብሎ ጽፎበታል። ስለዚህ ከአማካዩ በፊት የዜሮዎቹ ድርሻ ይጻፍ፦ በፊት ስንት፣ አሁን ስንት። እ.ኤ.አ. 2010 በኢትዮጵያ በበርካታ ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘናም ይበልጥ ያስደነገጠው ቁጥር አማካዩ አልነበረም፤ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ነው።

የጠፉ ልጆችም ሂሳቡን ያጣምማሉ። 20 ልጆች በአማካይ 8 ቃል ያነቡ ነበር እንበል፤ ዜሮ የነበሩ 5 ልጆች በመሃል ለቀቁ። የቀሩት 15 አንድ ቃል ባይጨምሩ እንኳ አማካያቸው ወደ 10.7 ይደርሳል። በሁለቱም ዙር የተፈተኑትን ብቻ አነጻጽሩ፤ የለቀቁት ስንትና እነማን እንደነበሩም ለብቻ ጻፉ። ፕሮግራሙን የሚተዉት ብዙ ጊዜ በጣም የከበዳቸው ናቸው።

አሁንም ዜሮ የሆኑትን ልጆች አንድ በአንድ እንደገና አስቀምጧቸው። እ.ኤ.አ. 1986 የንባብ ተመራማሪዎቹ ጎፍና ተንመር ያቀረቡት ቀላል ሐሳብ እዚህ ይጠቅማል፦ አንብቦ መረዳት ፊደልን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታና ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ ብዜት ነው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ። ምንባቡን እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና ጥያቄውን ጠይቁት። ሰምቶ ከመለሰ ችግሩ ፊደሉ ላይ ነው። ሰምቶም ካልመለሰ፣ በተለይ አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ከተጨማሪ የፊደል ልምምድ በፊት የአማርኛ ንግግርና ቃላት ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ድጋፍ ስንሰጥ ነበር የከረምነው።

ፕሮግራሙ ይቀጥል አይቀጥል የሚወሰንበትን ነጥብ ውጤቱን ሳታዩ በፊት ጻፉ፤ ርዕሰ መምህሩም ይፈርሙበት። ለምሳሌ «የዜሮዎቹ ቁጥር በግማሽ ካልቀነሰ የቡድን መጠኑና የቀኑ ብዛት ይለወጣል» ዓይነት። ቁጥሩ ከመጣ በኋላ መስፈርት ማውጣት የተወረወረ ድንጋይ ባረፈበት ላይ ዒላማ እንደ መሳል ነው። የልጆች ቁጥር ትንሽ ከሆነ ደግሞ በፐርሰንት አትናገሩ፤ «ከ12 ልጆች 7ቱ» በሉ።

አንድ ዙር ብቻ ቀረ፦ ከወራት በኋላ የሚደረገው ክትትል፤ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው። በኒው ዚላንድ ማሪ ክሌይ የቀረጸችው «ሪዲንግ ሪከቨሪ» የተባለው የአንደኛ ክፍል ድጋፍ አንድ መምህር ለአንድ ልጅ በየቀኑ 30 ደቂቃ የሚሰጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት ድጋፉ ሲያልቅ ወዲያው የታየው ለውጥ ከፍተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. 2022 ይፋ የሆነው ክትትል ግን እነዚያ ልጆች ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ድጋፉን ካላገኙ ተመሳሳይ ልጆች ዝቅ ብለው እንደተገኙ አሳየ። በመሃል ከክትትሉ የጠፉት ልጆች ብዙ ስለነበሩ ስለ ምክንያቱ የሚደረገው ክርክር አላበቃም። ያም ሆኖ የመጨረሻው ቀን ፈተና ያላሳየውን ነገር ያሳየው ክትትሉ ነው። ስለዚህ ከክረምት ዕረፍት መልስ በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ የአንድ ደቂቃ ፈተና ለሁሉም ስጡ፤ ለዚያም ሲባል በልጁ ስም የተሞሉትን የመጀመሪያዎቹን የእርማት ወረቀቶች አትጣሉ። ማጠቃለያ ሠንጠረዡ ልጁ 14 እንዳገኘ ብቻ ይነግራችኋል፤ ወረቀቱ ግን የሳታቸው በሙሉ ሳድሶች መሆናቸውን ያሳያችኋል።